የሥዕል ባለቤት ማነው?
ስለ ክሪስታል ብሪጅስ የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የቀረበ ሒስ

በዩናይትድ ስቴትስ በአርካንሳስ ግዛት፥ ኦዛርክ በሚባለው ተራራማ አገር፥ ቤንተንቪል የምትባል ከተማ አለች። በ2010 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ነዋሪዎቿ ወደ 35,000 ያህል ነበሩ። በዚህች ከተማ በኖቬምበር 11 ቀን 2011 ክሪስታል ብሪጅስ የሚባል የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። ቤተ መዘክሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ዓመት ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ጐብኝቶታል። ታላላቅ የሥዕል ቤቶች በኒው ዮርክ፥ በቦስተንና በፊላደልፊያ ብቻ የሚገኙ ይመስለው ለነበረ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤተ መዘክሩን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ሁለት ጥያቄዎችን አንሥቶ በስብስቡ ላይ ለመመርመር ነው። አንደኛው፥ አንድ ሥዕል ለብዙ ዘመን ከኖረበት ቦታ በገንዘብ ኀይል ሲነሣ፥ የሄደበት አገር ሕዝብ የሚያገኘው ጥቅም የቀድሞው ሕዝብ ከሚያጣው ይበልጣልን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ባለጸጋ ያቆመው የሥዕል ቤት፥ ሀብቱ ስለ ተገኘበት ሥራና ስለ ቆመበት ምድር እውነቱን ሊናገር ይችላልን? የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም በመጨረሻ የሚገናኙ መሆናቸው ከዚህ በታች ይታያል።

ስለ አመሠራረቱ

ሚስተር ሳም ዋልተን በ1950 በቤንተንቪል አደባባይ ላይ አንድ አነስተኛ መደብር ከፈቱ። በ1962 ደግሞ በአቅራቢያዋ በምትገኘው በሮጀርስ ከተማ ዋልማርት የተባለውን የመጀመሪያ ሱቅ አቋቋሙ። ይህ ንግድ ዕቃን በርካሽ ዋጋ በብዛት መሸጥን መሠረት አድርጎ እየሰፋ ሄዶ፥ በዓለም ላይ ካሉት የችርቻሮ ንግዶች ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። የቤተ መዘክሩ መሥራች የእኒሁ ሰው ልጅ ወይዘሮ አሊስ ዋልተን ናቸው። ቦታው ወደ 120 ኤከር የሚሆን ደን ሲሆን፥ ሕንጻውን የነደፉት በሐይፋ የተወለዱት ታዋቂው አርክቴክት ሞሼ ሳፍዲ ናቸው። አዳራሾቹ በምንጭ ውሃ በሚሞሉ ኩሬዎች ዙሪያ የተሠሩ ናቸው፤ ጥቂቶቹም እንደ ድልድይ በውሃው ላይ ተዘርግተዋል። ስሙም የተገኘው በሸለቆው ከሚፈልቀው ክሪስታል ከተባለው ምንጭና ከእነዚሁ ድልድዮች ነው።

የዋልተን ቤተሰብ ድርጅት በ2011 ለቤተ መዘክሩ 800 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ከዚህም ውስጥ 325 ሚሊዮኑ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ መግዣ እንዲሆን ተመደበ። የመግቢያ ዋጋ እንዳይጠየቅም ዋልማርት 20 ሚሊዮን ዶላር ለገሠ። እንግዲህ ብዙ የሥዕል ቤቶች በመቶ ዓመት ቀስ በቀስ ያከማቹትን፥ ይህኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በገበያ ለማግኘት ተነሣ ማለት ነው። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረት በዚህ ቦታ እውነት ሆኖ ይገኛል። የሒስ ጸሐፊዎችንም የለያየው ይህ ፍጥነት ነው።

ከኒው ዮርክ የተነሣው ሥዕል

የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው ቤተ መዘክሩ ከመከፈቱ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፥ አሸር ዱራንድ በ1849 የሣለውንና «የነፍስ ዘመዳሞች» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለውን ሥዕል በ2005 ለሽያጭ አቀረበ። ተጫራቾች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ አስገቡ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክርና የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥዕል ቤት በአንድነት ሆነው ቢወዳደሩም ተሸነፉ፤ ወይዘሮ አሊስ ዋልተን 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍለው እንደ ገዙትም ተነገረ። በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ቅርሷን ተነጠቀች የሚል ጩኸት ተሰማ።

ሥዕሉን ራሱን ስንመለከት ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሁለት ሰዎች በገደል አፋፍ ላይ ባለ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። አንደኛው ከዓመት በፊት የሞተው ሠዓሊ ቶማስ ኮል ነው፤ ሁለተኛው ባለቅኔው ዊልያም ብራያንት ነው። ብራያንት ለኮል የቀብር ንግግር ያደረገ ወዳጁ ስለ ነበረ፥ አንድ ነጋዴ ሥዕሉን አሠርቶ በስጦታ ሰጠው። የሁለቱም ስም በግራ በኩል ባለው ዛፍ ግንድ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ከበስተኋላቸው ገደሉ፥ ፏፏቴውና ተራራው በሰማያዊ ጉም ውስጥ እየራቀ ይሄዳል። ሰዎቹ ትንንሾች ናቸው፤ ዛፎቹ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ዓምድና ቅስት ከላያቸው ተጐንብሰዋል። ሠዓሊው ሊናገር የፈለገው፥ ወዳጅነታቸው የተመሠረተው በዚህ ተፈጥሮ ፍቅር ነው የሚለውን ነው።

በዚህ ሥዕል ውስጥ ለጥያቄያችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የሚታየው አገር የኒው ዮርክ ካትስኪል ተራሮች ቢሆንም፥ ከዚያ ሥፍራ ቆሞ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያይ የሚችል ሰው የለም። ዱራንድ ተራርቀው የሚገኙትን ገደልና ፏፏቴ በአንድ ሸራ ላይ አገናኝቷቸዋል። ስለዚህ ሥዕሉ የአንድ የታወቀ ሥፍራ መልክ ሳይሆን የአንድ ሐሳብ መልክ ነው። ሐሳቡም፥ አሜሪካ የኤውሮጳ ፍርስራሽና ቤተ መንግሥት ባይኖራት ደኗ ይበቃታል የሚል ስለ ሆነ፥ በደን መካከል በተሠራ ቤት መሰቀሉ ከባሕርዩ ጋር የሚጣላ አይደለም። የብራያንት ልጅ በ1904 ለቤተ መጻሕፍቱ ከሰጠችው ወዲህ አንድ መቶ ዓመት በኒው ዮርክ ኖሯል፤ ይሁን እንጂ ያች ከተማ የዚሁ የሠዓልያን ወገን ሥራ የሞላባት ናት። የአርካንሳስ ተማሪ ግን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ሥዕል በመጽሐፍ ላይ ካልሆነ በቀር በአቅራቢያው አያገኝም ነበር።

ስለዚህ ኒው ዮርክ ተዘረፈች የሚለው ክስ በዚህ ሥዕል ላይ አይጸናም። ሊነቀፍ የሚገባው ሻጩና የሽያጩ ሥርዐት ነው። ለሕዝብ ጥቅም በስጦታ የተሰጠ ቅርስ፥ ሕዝቡ ሳይመክርበት በታሸገ ፖስታ መሸጡ ገዥው ማንም ቢሆን የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም።

የፊላደልፊያ ሰዎች መልስ

በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ቶማስ ኢኪንስ በ1875 የሣለው «የግሮስ ክሊኒክ» የሚባለው ታላቅ ሥዕል፥ ዶክተር ሳሙኤል ግሮስ በተማሪዎቻቸው ፊት የበሽተኛን ጭን ቀድደው ሲያክሙ ያሳያል። ደም የነካው እጃቸው፥ ብርሃን ያረፈበት ግንባራቸው፥ ፊቷን በክንዷ የሸፈነችው ሴት፥ በጨለማው ውስጥ ተደርድረው የሚመለከቱት ተማሪዎች፥ ሁሉም በፊላደልፊያ የጄፈርሰን ሕክምና ትምህርት ቤት የነበረ እውነት ነው። የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች በ1878 በ200 ዶላር ገዝተው ለትምህርት ቤታቸው ሰጡት። በኖቬምበር 2006 ግን ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ሥዕሉን በ68 ሚሊዮን ዶላር ለክሪስታል ብሪጅስና ለዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥዕል ቤት በአንድነት ለመሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። ከተማይቱም ይህንኑ ዋጋ ከከፈለች ልታስቀረው የምትችልበት ጥቂት ሳምንታት ተሰጣት።

የፊላደልፊያ ሰዎች ገንዘብ አዋጡ፤ ከተማይቱ ውስጥ ያሉት ሁለት የሥዕል ቤቶችም በአንድነት ገዝተው አስቀሩት። ዳሩ ግን ድሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ከሁለቱ አንዱ የፔንሲልቫንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ድርሻውን ለመክፈል ሲል ሌላውን የኢኪንስ ሥዕል፥ የሴሎ ተጫዋቹን፥ ሸጠ። ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲም በ2007 ኢኪንስ የሣለውን የፕሮፌሰር ራንድን ምስል ለክሪስታል ብሪጅስ ሸጠ።

እዚህ ላይ በሁለቱ ጉዳዮች መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። የዱራንድ ሥዕል የሐሳብ አገር ሥዕል ስለ ሆነ የትም ቢሰቀል ይናገራል። የኢኪንስ ሥዕል ግን ሐኪሙም፥ ተማሪዎቹም፥ ገዥዎቹም፥ ጠባቂዎቹም የአንድ ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ቢነሣ ውበቱ ባይጠፋም ምስክርነቱ ይጐድላል። ስለ ሆነም የኒው ዮርክ ሰዎችን ጩኸት ያልተቀበልን ብንሆን፥ የፊላደልፊያ ሰዎችን ትግል ትክክለኛ ነው ብለን እንፈርዳለን። በዚህ መሠረት ሊወጣ የሚችለው ደንብ፥ አንድ ሥዕል ከቦታው ጋር ያለው ዝምድና በጠነከረ መጠን፥ የሚያነሣው ሰው የሚያቀርበው ምክንያትም መጠንከር አለበት የሚል ነው።

የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ጉዳይ ነው። በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል የሚገኘው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ፥ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1866 ከባርነት ለወጡት ጥቁር አሜሪካውያን የተመሠረተ ትምህርት ቤት ነው። ሠዓሊቱ ጆርጅያ ኦኪፍ ባሏ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ከሞተ በኋላ፥ በ1949 እርሱ ካከማቸው ውስጥና ከራሷ ሥራዎች በጠቅላላው 101 ሥራዎች ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሰጠች። ስትሰጥም እንዳይሸጡና እንዳይነጣጠሉ አዝዛ ነበር። የጥቁርና የነጭ መለያየት በሕግ በጸናበት በዚያ ዘመን፥ በደቡብ አገር ከፍ ያለው የዘመናዊ ሥዕል ስብስብ በጥቁሮች ትምህርት ቤት እንዲቀመጥ መደረጉ ራሱን የቻለ ንግግር ነበር።

ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው በገንዘብ እጦት ሊዘጋ እስከሚደርስ ተቸገረ። አስተዳዳሪዎቹ ጥቂት ሥዕሎች ለመሸጥ ሲነሡ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በ2012 የተፈጸመው ስምምነት፥ ክሪስታል ብሪጅስ 30 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የስብስቡን ግማሽ ባለቤትነት እንዲያገኝ፥ ሥዕሎቹም በናሽቪልና በቤንተንቪል መካከል በየሁለት ዓመቱ እንዲመላለሱ የሚያደርግ ሆነ።

ይህን ስምምነት እንዴት እንፍረደው? ስብስቡ ሳይበተን በአንድነት መቆየቱ፥ ትምህርት ቤቱም ሳይዘጋ መትረፉ ጥሩ ነው። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ በገበያ ቢሸጡ ኖሮ ወደ ግል ሳሎን ገብተው ከሕዝብ ዓይን ሊሰወሩ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የሰጭዋ ቃል መታጠፉን መካድ አይቻልም። ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው፥ ቃሏ የታጠፈው ትምህርት ቤቱ ስለ ናቀው ሳይሆን ሊጠብቀው ዐቅም ስላጣ መሆኑ ነው። ባለጸጋው ሥዕሉን በ30 ሚሊዮን ከሚካፈል፥ ያንኑ ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ በስጦታ ቢሰጥ ኖሮ ሥዕሎቹ ሙሉ በሙሉ በቦታቸው በቀሩ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ቢነሣ፥ መልስ ለመስጠት ያስቸግራል። ይህ በሕግ የሚያስጠይቅ በደል አይደለም፤ ነገር ግን ሥነ ጥበብን እናከብራለን የሚሉ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ተማሪዎቹ ምን አተረፉ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ አጡት ሰዎች ነው። ያገኙትስ ምን አገኙ? በዚህ ነገር በግምት ከመናገር የሚያድን አንድ ጥናት አለ። ቤተ መዘክሩ የተማሪዎችን ጕብኝት በነጻ ስለ አደረገ፥ ማመልከቻ ያቀረቡት ክፍሎች ከዐቅሙ በላይ ሆኑ። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ተጠቅመው፥ ቀድሞ የሚሄደውንና ቆይቶ የሚሄደውን በዕጣ ከለዩ በኋላ፥ ከ123 ትምህርት ቤቶች የመጡ ወደ 11,000 የሚሆኑ ተማሪዎችን መረመሩ። ዕጣ የተጠቀሙበት ምክንያት፥ የጐበኙትና ያልጐበኙት ተማሪዎች በሌላው ነገር ሁሉ እንዲመሳሰሉና ልዩነቱ ከጕብኝቱ ብቻ የመጣ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ውጤቱ በ2013 ታተመ። የጐበኙት ተማሪዎች አይተውት የማያውቁትን ሥዕል በጥሞና በመመርመር፥ በቀድሞ ዘመን የኖረውን ሰው ስሜት በመገመት፥ ከእነርሱ የተለየ አስተያየት ያለውን በመቻል ካልጐበኙት በልጠው ተገኙ። ብልጫውም ከገጠርና ከድኻ ትምህርት ቤቶች በመጡት ዘንድ ጐላ ብሎ ታየ። ለምሳሌ ኢስትመን ጆንሰን በ1861 እና በ1866 መካከል የሣለው አንድ ሥዕል አለ፤ በዚያ የሚታዩት ሰዎች ከዛፍ ፈሳሽ ስኳር የሚያዘጋጁ፥ በባሮች ጕልበት የሚመረተውን የሸንኮራ ስኳር ለመቃወም የተነሡ የባርነት ጠላቶች ናቸው። ሥዕሉን ካዩት ተማሪዎች ውስጥ 88 ከመቶ የሚሆኑት ይህን ታሪክ ከሳምንታት በኋላ አልረሱትም ነበር። ይህ ለመምህራን ትልቅ ነገር ነው። ሠላሳ አምስት ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ሸራ መከፈሉን የሚነቅፍ ሰው፥ ይህንም ውጤት ከሚዛኑ ሌላኛው ወገን ላይ ማስቀመጥ አለበት።

ሥዕሎቹ ስለ ባለቤታቸው የሚናገሩት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ከስብስቡ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ከሚወዳቸው አንዱ ኖርማን ሮክዌል በ1943 ለመጽሔት ሽፋን የሣለው «ሮዚ» የሚባለው ሥዕል ነው። በጦርነቱ ጊዜ ወንዶች ሲዘምቱ በፋብሪካ የገባችውን ሠራተኛ ያሳያል። ክንዷ ፈርጣማ፥ ፊቷ በጥቍር ዘይት የተነካ፥ የብረት መምቻ መሣሪያዋ ከጭኗ ላይ የተጋደመ፥ ምሳዋን በእጇ የያዘች፥ የሒትለርንም መጽሐፍ በእግሯ የረገጠች ናት። አቀማመጧ ሚኬል አንጄሎ በሲስቲን ጸሎት ቤት ጣራ ላይ ከሣለው ከነቢዩ ኢሳይያስ የተወሰደ ነው። ሠዓሊው ቀልድ ቢጨምርበትም፥ የሠራተኛይቱን ክብር ከነቢይ ክብር ጋር ማስተካከሉ በቀልድ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

ቤተ መዘክሩ በተከፈተበት በ2011 በጁን ወር፥ የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዋልማርት ሴት ሠራተኞች ጉዳይ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ሴቶቹ በደመወዝና በሹመት ከወንዶች ተለይተን ተበድለናል ብለው፥ አንድ ሚሊዮን ተኩል በሚሆኑ ሴቶች ስም በአንድነት ከስሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ በደል ተፈጽሟል ወይም አልተፈጸመም ብሎ ሳይሆን፥ ጉዳያቸው በአንድ ክስ ሊጠቃለል አይችልም ብሎ ክሱን አልተቀበለም። በዚያው ዓመት የሴት ሠራተኛን ክብር የሚናገረው ሥዕል፥ ከዚሁ ንግድ በተገኘ ሀብት በተሠራው አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ታየ። ይህን ስንል የሥዕሉ መገዛት ግብዝነት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሥዕል ዕቃ ብቻ ስላልሆነ፥ ገዥውን ራሱን መልሶ ይጠይቃል። ሮዚን የገዛ ሰው ጥያቄዋን አብሮ ገዝቷል።

ሌላው ምሳሌ ኬሪ ጄምስ ማርሻል በ1995 የሣለው «ከተማችን» የተባለው ታላቅ ሸራ ነው። ሁለት ጥቁር ሕፃናት፥ ወንዱ በብስክሌት፥ ሴቲቱ በእግሯ፥ ጽዱ በሆነ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ሲሮጡ ይታያሉ። ነገሩ ሁሉ የደስታ መስሎ ሳለ፥ የሕፃናቱ ፊት አይሥቅም፤ በሸራው ላይም የፈሰሰ የሚመስል ነጭ ቀለም ሥዕሉን እዚህም እዚያም ያደበዝዘዋል። ተመልካቹ፥ «ከተማችን» ሲባል የማን ከተማ ማለት ነው? ብሎ እንዲጠይቅ ይገደዳል። ይህ ጥያቄ በኦዛርክ ተራሮች ውስጥ ሲጠየቅ ክብደቱ ይጨምራል። በዚሁ አገር በምትገኘው በሐሪሰን ከተማ በ1905 እና በ1909 ጥቁር ነዋሪዎች በነጮች ዓመፅ ከቤታቸው ተባርረው ነበርና። ሥዕሉ በቺካጎ ቢሰቀል ስለ አሜሪካ በጠቅላላው ይናገር ነበር፤ በዚህ ሲሰቀል ግን ከደጁ ስላለው መሬት ይናገራል። ስለዚህ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ የሥዕልን ምስክርነት የሚያጐድል ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የሚያጠነክር መሆኑን ከዚህ እንማራለን። የግሮስ ክሊኒክ ተቃራኒው ምሳሌ ይህ ነው።

ደግሞም ቤተ መዘክሩ የታወቀ ስም ያላቸውን ሥራዎች ከትላልቅ ከተሞች በመግዛት ብቻ አልቆመም። በ2014 ላቀረበው ትርኢት ባለሙያዎቹ ወደ 100,000 ማይል ያህል ተጕዘው፥ አንድ ሺሕ ገደማ የሚሆኑ ሠዓልያንን በየሥራ ቦታቸው ጐብኝተው፥ ስማቸው በሰፊው ያልታወቀ 102 ሰዎችን መርጠዋል። ይህ አሠራር በእኛ አስተያየት ከውድ ግዢዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ነው። የራቀ ክፍለ አገር የሥዕል ቤት ሊኖረው የሚገባው ጠባይ ታላላቆቹ ከተሞች የረሱትን መፈለግ እንጂ የእነርሱን ግድግዳ መቅዳት ብቻ አይደለምና።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመረመረው የሚከተለው ፍርድ ይወጣል። አንድ ሥዕል ከቦታው ሲነሣ የሚመዘንባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ሥዕሉ ከቀድሞ ቦታው ጋር ያለው ዝምድና፥ ሻጩ የሸጠበት ምክንያትና ነጻነት፥ በአዲሱ ቦታ የሚያየው ሕዝብ ብዛትና ችግር ናቸው። በእነዚህ ሚዛን የዱራንድ ሥዕል መሄድ ተገቢ ነው፤ የኢኪንስ ሥዕል መቅረትም ተገቢ ነው፤ የፊስክ ስምምነት ግን ከክፉው የሚሻል እንጂ መልካም ሊባል የሚችል አይደለም፤ ድኻው ትምህርት ቤት በነጻ ፈቃዱ መርጧል ማለት አይቻልምና።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ፥ ባለጸጋ ያቆመው የሥዕል ቤት እውነቱን ሊናገር ይችላል ብለን እንመልሳለን፤ ይህ የሚሆነው ግን ሥዕሎቹ የተሣሉበትን ሐሳብ ሳይፈራ እንዲናገሩ ከተተወ ብቻ ነው። መግቢያው ነጻ ነው ሲባልም ዋጋ የከፈለ የለም ማለት አይደለም። በየሱቁ ዕቃ የገዛውና የሸጠው፥ በመጋዘን የተሸከመው ሕዝብ አስቀድሞ ከፍሎታል። እንግዲህ ሮዚም፥ የማርሻል ሕፃናትም፥ የዱራንድ ተራራም በውነቱ የዚህ ሕዝብ ናቸው። የቤተ መዘክሩ ሹማምንት የሚመዘኑትም ወደ ፊት በሚገዙት ሥዕል ዋጋ ሳይሆን፥ ይህን ባለቤትነት በሥራ በመግለጣቸው ይሆናል።